መልስ፦ ሌዋዊ ሁሉ ካህን ነው ወይ? ናታኒምስ እነማን ናቸው?

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው፣ ብዙ ሰው ሌዋዊ ሁሉ (ከእስራኤል ነገዶች አንዱ የሆነው የሌዊ ዘር) ካህን ይመስለዋል ግን አይደለም። በብሉይ ኪዳን ካህን የሚሆነው የሙሴ ወንድም የአሮን ዘር ብቻ ነው፣ ሌላው ሌዋዊ በትውልድ ረዳት ነው፣ መሠዊያው ላይ መሥዋዕት አያቀርብም። ሥራውም በየቤተሰቡ የተከፋፈለ ነበር፣ ዘኁልቁ 7ን እየው፣ በበረሃ እያሉ ይዘውት የሚጓዙትን የመገናኛውን ድንኳን ሲያጓጉዙ፣ ከሌዊ ቤተሰቦች የጌድሶን ልጆች መጋረጃውን ስለሚያጓጉዙ 2 ሰረገላ ተሰጣቸው፣ ለሜራሪ ልጆች ድርሻቸው ሳንቃና ምሰሶ ስለሆነ 4 ሰረገላ፣ ለቀዓት ልጆች ግን ምንም፣ ምክንያቱም እነሱ ታቦቱንና ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው ነው የሚሸከሙት። ቤተ መቅደሱ ሲሠራ ሸክሙ ቀረና ዘማሪ፣ በረኛ፣ የግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ።

ናታኒም ያልካቸው ደግሞ ከሌዋውያን በታች ያሉ ናቸው፣ ዳዊትና አለቆቹ ሌዋውያንን እንዲያገለግሉ የሰጧቸው ይላል ዕዝራ 8። ኢያሱ 9 ላይ እንጨት ቆራጭና ውሃ ቀጂ ከተደረጉት ከገባዖን ሰዎች ጋር የሚያገናኛቸው ብዙ ነው፣ ጽሑፉ ግን እንደዛ ብሎ በቀጥታ አይናገርም።

እኔን በጣም የሚነካኝ ካህኑ ዕዝራ ምርኮኞቹን ይዞ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሊነሳ ሲል ያለው ታሪክ ነው፣ ሕዝቡን ቢያይ አንድም ሌዋዊ የለም! ካሲፍያ ወደሚባል ቦታ ሰው ልኮ ሲያስመጣ ሌዋውያኑ ወደ 40 ቢጠጉ ነው፣ ናታኒም ግን 220 መጡ። ዝቅ ያለ ሥራ የያዙት ናቸው በብዛት የተነሱት፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዛ ላይ የፋርስ ንጉሥ አርጤክስስ ግብር እንዳይጠየቁ ካዘዘላቸው ከካህናቱና ከሌዋውያኑ ጋር ናታኒምም ተጠቅሰዋል፣ ዕዝራ 7:24ን አንብበው።