«ሰርተን» ሲባል እርግጠኛው ማነው? ጥያቄና መልስ

በሐዋሳ እንግሊዝኛ ከሚማሩና በሥራቸው ከሚጠቀሙበት ሰዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም «ሰርተን» (certain) በሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽልና በቅርብ ዘመዶቹ በ«ሹር» (sure) እና በ«ባውንድ» (bound) ዙሪያ ነው።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ መምህር፣ «ኤ ሰርተን ማን» እርግጠኛ ሰው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ አንድ ሰውዬ ማለት ነው። ቦታውን እይ። ከስም በፊት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ «አንድ»፣ «የሆነ» ወይም «የተወሰነ» ነው፤ «ቱ ኤ ሰርተን ኤክስቴንት» በተወሰነ ደረጃ እንደሚባለው። እርግጠኛነት የሚመጣው ከ«አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር» በኋላ ሲቀመጥ ነው፦ «አይ አም ሰርተን»። «ሰርተን ዴዝ» (የማይቀር ሞት) ዓይነቶቹ ጥቂት ናቸው። ስታነበው ደግሞ «ሰርቴይን» አትበል፤ ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ነው፣ መጨረሻው ይዋጣል።

ጥያቄ (ሐይቁ ላይ በጀልባ እንግዳ የሚያስጎበኝ)፦ «ጉማሬ ሳታዩ አትቀሩም» ለማለት «ዩ አር ሰርተን ቱ ሲ ሂፖስ» እላለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ግን ሳያስቡት ቃል ገብተዋል። ያሳሳተዎት አማርኛው ነው። «መዝነቡ አይቀርም» እና «ሳይዘንብ አይቀርም» አንድ ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው እርግጥ ነው፣ ሁለተኛው ግምት። «ሰርተን ቱ» የሚተካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጉማሬው ካልወጣ እንግዳው ተታለልኩ ይላል። ስለዚህ «ዩ ዊል ፕሮባብሊ ሲ ሂፖስ» ይበሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ለሚሄድ እንግዳ ግን «ዩ አር ባውንድ ቱ ሲ ማራቡ ስቶርክስ» ቢሉ አያሳፍርዎትም፤ ማራቡው፣ ማለትም አባ ኮዳ፣ ከዚያ አይጠፋም። «ባውንድ ቱ» ሁኔታው ራሱ ነገሩን የማይቀር ሲያደርገው ነው።

ጥያቄ፦ «ሹር ቱ ዊን» እና «ሹር ኦፍ ዊኒንግ» ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ ትልቅ ልዩነት፣ ፈተና ላይም ብዙዎችን የሚጥል። «ሂ ኢዝ ሹር ቱ ዊን» (ማሸነፉ አይቀርም) ስትይ እርግጠኛዋ ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ፤ እሱ ተስፋ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። «ሂ ኢዝ ሹር ኦፍ ዊኒንግ» (እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ነው) ካልሽ እርግጠኛው እሱ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ «እኔ ግን አይመስለኝም» የሚል ጨምሪበት። ሁለተኛው ይቀበለዋል፣ የመጀመሪያው ይጋጭበታል። በ«ሹር» ቦታ «ሰርተን» ብታስገቢም ሕጉ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ሹር» እና «ሰርተን» ሁልጊዜ ይተካካሉ?

መልስ፦ አንድ ቦታ አይተካኩም። «ኢት ኢዝ ሰርተን ዛት» (…መሆኑ እርግጥ ነው) ይባላል፣ «ኢት ኢዝ ሹር ዛት» አይባልም። በዚህ አገባብ «ሹር» ሰው ይፈልጋል፦ «አይ አም ሹር ዛት»።

ጥያቄ (የሆቴል ሠራተኛ)፦ ለባልደረባዬ «በሩ መቆለፉን አረጋግጥ» ብዬ ልጽፍ «ቢ ሹር» አልኩ።

መልስ፦ «ሜክ ሹር ዘ ዶር ኢዝ ሎክድ» ይሻላል፤ ሄዶ እንዲያይ ያዘዋል። ከ«ሜክ ሹር» በኋላ «ዊል» አትጨምር፣ ተራው የአሁን ጊዜ ይበቃል። «ሜክ ሰርተን» ትንሽ መደበኛ ነው፤ ለደብዳቤ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ሹርሊ» በእርግጥ ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። «ሹርሊ ዩ ኖው ሂም» ማለት «መቼም ታውቀዋለህ አይደል?» ነው፤ ተናጋሪው ማረጋገጫ እየጠየቀ ነው። በእርግጥ ለማለት «ሰርተንሊ» ወይም «ዴፊኒትሊ» በል።

ጥያቄ፦ አውቶቡስ ላይ «ባውንድ ፎር ሐዋሳ» ቢባል ሐዋሳ መድረሱ አይቀርም ማለት ነው?

መልስ፦ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ማለት ብቻ ነው። «ፎር» ሲከተለው አቅጣጫ፣ «ቱ» ከነግሡ ሲከተለው ደግሞ የማይቀር ነገር ነው።