ስቲኩ ሲንሸራተት ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አዳማ ውስጥ ፑል እጫወታለሁ፣ በሰፈራችን ፑል ቤቶች መካከል በሚደረገው ውድድርም እሳተፋለሁ። አንድ ሳምንት ማንም አያቆመኝም፣ በሚቀጥለው ገና በመጀመሪያው ዙር እሰናበታለሁ። በተለይ ነጯን ከስር ስመታት ስቲኩ ይንሸራተትና ኳሷ ትዘላለች። የስቲኩ ጫፍ ላይ ቾክ በየምቱ እቀባለሁ። ስቲኩ የራሴ ነው፤ ባለ ሁለት ቁራጭ፣ ከገዛሁት ጀምሮ ጫፉን ነክቼው አላውቅም። አዲስ ልግዛ?»

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ። ፍንጩ «ጫፉን ነክቼው አላውቅም» ያልከው ላይ ነው። በስቲኩ ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ኳስ በመታ ቁጥር ይታመቃል፤ ፊቱ ይደድርና እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። እንዲህ ያለ ቆዳ ቾክ አይዝም፤ የቀባኸው ዱቄት ገና ኳሷን ሳይነካ ይረግፋል። በየምቱ መቀባትህ ያልጠቀመህ ለዚህ ነው።

ይሁንና ቆዳውን ከመውቀስህ በፊት እጅህንም ፈትን። ከ9 እስከ 15 ካሉት ባለ ቀበቶ ኳሶች አንዷን በነጯ ቦታ አስቀምጥ፤ ቀበቶው አግድም ሆኖ መሐሉ ወደ አንተ ይዙር። ቾክ ቀብተህ እንደ ልማድህ ከስር ምታ፤ ከዚያ ኳሷን አንስተህ የቾኩን ምልክት ፈልግ። የኳሷ ዲያሜትር 57.15 ሚሊሜትር ነው። ጤነኛ ቆዳ ከመሐል እስከ 14 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም እስከ ራዲየሱ ግማሽ ድረስ ሳይንሸራተት ይይዛል። በአብዛኞቹ ኳሶች ላይ የቀበቶው ጠርዝ ከዚህ ልክ ብዙም አይርቅም። ንጹሕ ምት ክብ ነጥብ ይተዋል፤ የተንሸራተተው የተጎተተ ጭረት ነው። ጭረቱ ቀበቶው ውስጥ ከጀመረ ቆዳው ከድቶሃል። ከቀበቶው በታች ከጀመረ ግን ምንም ዓይነት ቆዳ አያድንህም፤ ኳሷም የምትዘለው ስቲኩ ከስሯ ገብቶ ስለሚያነሳት ነው። መፍትሔው የስቲኩን ጭራ ማንሳት ሳይሆን ጫፉ የሚያርፍበትን እጅ ጨርቁ ላይ ዝቅ አድርጎ ማስተኛት ነው። ብዙ ልጆች ግን ጭራውን ያነሳሉ።

አሁን ወደ ቆዳው እንምጣ። ከጎን አየው። ከስሩ ካለው ነጭ ቀለበት ጠርዝ አልፎ እንደ እንጉዳይ ከተንዘረፈፈ፣ የጎኑ ቁመት ከ2 ሚሊሜትር በታች ከወረደ ወይም በጥፍርህ ስትገፋው ከተንቀሳቀሰ መለወጥ አለበት። ቁመቱ በቂ ሆኖ ፊቱ ብቻ ካበራ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው። ቅርጹ ጠፍጣፋ አይሁን፤ ራዲየሱ 10 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ጉብታ ያስፈልገዋል። ለመለኪያ የአምስት ሳንቲም ጠርዝ ይበቃሃል፤ ሳንቲሙን ከጎን ስትገጥመው ብርሃን ማሳለፍ የለበትም።

መለወጥ ካለብህ መጀመሪያ የነጩን ቀለበት ዲያሜትር በካሊፐር ለካ። የፑል ስቲክ በብዛት 12 ወይም 13 ሚሊሜትር ነው፤ ቆዳውን በዚያው ልክ ወይም በጥቂቱ ሰፋ ያለ ግዛ፣ ትርፉ ይከረከማል። በጥንካሬ መካከለኛ የሆነውን ምረጥ። ጠንካራው ቶሎ አይጠፋም፣ ግን ቶሎ ያበራል፤ የአንተ ችግር ደግሞ እሱ ነው። አሮጌውን በምላጭ ቆርጠህ ካነሳህ በኋላ የቀረውን ደረቅ ሙጫ ነጩ ፕላስቲክ እስኪታይ ድረስ ፋቅ። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን በእጅ ይዘው ሲፍቁ ጠርዙ ይጎብጥና ቆዳው መሐሉ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ ከዚያ ገና በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ይወልቃል። ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ላይ አንጥፈህ ስቲኩን ቀጥ አድርገህ አቁመው። አናጺ ቤት ከሄድክ ወፈር ያለ ጣውላ ላይ በስቲክህ ልክ ቀዳዳ ይበሳልሃል፤ ስቲኩን በዚያ ውስጥ አሳልፈህ ስታሽከረክረው አይጋደልም። ቶርኖ ያለው ሰው ካገኘህ በደቂቃ ይጨርስልሃል፤ ሞርሳ ላይ በቀጥታ ካሰረው ግን እንጨቱ ስለሚጎዳ በጨርቅ ይጠቅልልህ።

የቆዳውንም ግርጌ በዚያው መስታወት ላይ አሻክረህ አቧራውን በአልኮል ጥረግ፤ ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው። ወፍራሙን ሱፐር ግሉ አንድ ጠብታ ብቻ ተጠቀም። ቀጭኑ ቆዳው ውስጥ ይሰርግና ያደነድነዋል። መሐል ለመሐል አድርገህ ስቲኩን ገልብጠህ ንጹሕ ጣውላ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫነው፤ ከዚያ ሳትነካው እስከ ማግስቱ ተወው። ስትከረክም ነጩን ቀለበት በፕላስተር ጠቅልለህ ምላጩን ከቀለበቱ ወደ ቆዳው አቅጣጫ አንቀሳቅስ። ቅርጹን በ120 አውጣና በ240 ጨርስ፤ ጎኑን በምራቅህ በትንሹ አርጥበህ በወፍራም ወረቀት ጠበቅ አድርገህ እሸው፣ ያኔ አይንዘረፈፍም።

አዲስ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ይታመቃል፤ ስለዚህ እንደገና ትንሽ መቅረጽ ይጠይቃል። በውድድር ዋዜማ አትለውጥ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመህ ለውጠህ ተለማመድበት።

ሁለት ቁራጭ ነው ስላልክ መጋጠሚያውንም እይ። በየጨዋታው መሐል ጠበቅ አድርገው፤ የላላ መጋጠሚያ ስትመታ «ጭው» የሚል ድምፅ ያሰማል። ስቲኩን ግድግዳ ላይ አዘንብለህ አታቁም፣ በአዳማ ፀሐይ መኪና ውስጥም አትተወው፤ ይጣመማል።

አንድ ሳምንት አሸንፈህ በሌላው የምትወድቅበት ግን በስቲኩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቤቶቹ ይለያያሉ። አዳማ ንፋስና አቧራ አይጠፋባትም፤ በሩን ለመንገድ ከፍቶ የሚያጫውት ቤት ጨርቁ አፈር ይጠጣል፣ ኳሶቹም ይሻክራሉ። በቆሸሸ ጨርቅ ላይ ኳስ ቶሎ ይቆማል፤ የቆሸሹ ኳሶች ሲጋጩ ደግሞ አንዱ ሌላውን ስለሚጎትት የታለመው ኳስ ከመስመሩ በትንሹ ይወጣል፣ በተለይ በቀስታ ስትመታ። ውድድር ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱን አስፈቅደህ ኳሶቹን በእርጥብ ጨርቅ አጽዳና አድርቃቸው። ከዚያ ነጯን በረጅሙ ጎን፣ ከጎማው (ኳስ ከሚነጥርበት የጠረጴዛው ጠርዝ) አንድ ስንዝር ርቀት ላይ በጣም በቀስታ ልቀቃት፤ መጨረሻዋ ላይ ወደ አንዱ ወገን ካዘነበለች ጠረጴዛው ውሃ ልኩን ስቷል። ከተቃራኒው ጫፍም ድገመው፤ ወደዚያው ወገን ካጋደለች አትጠራጠር። ጎማውን ደግሞ በካሊፐር ብትለካው ከጨርቁ እስከ አፉ (ኳሷን እስከሚነካው ጫፍ) 36 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ በኃይል የመጣች ኳስ ትዘላለች። ጠረጴዛውን አንተ አታስተካክለውም፤ ግን ወደየት እንደሚያጋድል ካወቅህ በዚያ ቤት ቀስ ያለችውን ምት ወደ ቁልቁለቱ አትላካትም።