«ራን» ሁልጊዜ መሮጥ አይደለም፦ ጅማ ለምትማሩ የጤና ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ በላቦራቶሪ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ለልምምድ የምትመጡትን ሳይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። እንግሊዝኛ ታጠናላችሁ፤ ግን ከባድ ከባዱን ብቻ። የበሽታውን ረጅም ስም አንድ ፊደል ሳትስቱ ትጠሩታላችሁ። የሚያደናቅፋችሁ በልጅነታችሁ የተማራችሁት ትንሹ ቃል ነው።

«ራን» አንዱ ነው። ሁላችንም «መሮጥ» ብለን ነው የያዝነው። እስቲ ላቦራቶሪ ግቡ። «ቴስቱን ራን አድርጉት» ከተባለ ምርመራውን ሥሩት ማለት ነው። ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) «ራን አውት» ካደረገ አልቋል። በሽተኛው ፊቨር «ራን» ካደረገ ትኩሳት አለው። አፍንጫው «ራን» ካደረገ ንፍጡ ይወርዳል። ስኳር በቤተሰቡ «ራን» ካደረገ ዘመድ አዝማዱም አለበት ማለት ነው። እጃችሁን «በራኒንግ ወተር» ታጠቡ የሚለው መመሪያ ደግሞ በሚፈስ ውሃ ነው የሚለው። ሳፋ ውስጥ መንከር አይሆንም። ቧንቧው ሲጠፋ ግን ሰው በጆግ እያፈሰሰ ካስታጠባችሁ ያም የሚፈስ ውሃ ነው።

አንድ ቀን የደም መመርመሪያው ማሽን ስክሪን ላይ ሪኤጀንቱ «ራኒንግ ሎው» ነው የሚል ጽሑፍ ወጣ። ተለማማጇ አነበበችው። ማሽኑ ቀስ ብሎ እየሠራ ነው ብላ ተረዳችውና ዝም አለች። ጠዋት የተቀዳው ደም መደርደሪያው ላይ እንደተሰለፈ ማሽኑ ቀጥ አለ። ሪኤጀንቱ እያለቀ ነው ማለቱ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ የነጭ ደም ሴሎችን ከማንም በተሻለ ትለያለች። ያንን ትንሽ ቃል ግን ከአንድ ትርጉም በላይ ማንም አላስተማራትም።

ነገሩ የእናንተ ጥፋት አይደለም። በኦክስፎርድ ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛው እትም፣ ሰፊውን ቦታ የያዘው «ሴት» (set፣ ማስቀመጥ) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ነበር። በኋላ «ራን» ቀደመው። ፒተር ጊሊቨር የተባሉ አዘጋጅ ይህን አንድ ግስ ለመጨረስ ወራት ፈጅተውበታል፤ 645 ትርጉም አገኙለት። ማሽንና ኮምፒውተር ሲመጡ የእነሱም ሥራ «ራን» ተባለ፤ ቃሉም እየሰፋ ሄደ። አገር ለአገርም ይለያያል። አሜሪካዊ ለምርጫ ሲወዳደር «ራን» ያደርጋል፤ እንግሊዛዊው «ስታንድ» ነው የሚለው።

ለኛ ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ጉንፋን ይይዘናል፣ ዝናብ ይይዘናል፣ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ቂም እንይዛለን። የጅማ ልጅ ዝናብ ያዘኝ ሲል ማንም በእጁ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ የምታወሩም «ቀቡ»ን (መያዝን) አስቡት፤ እሱም ብዙ ቦታ ይገባል። በራሳችን ቋንቋ የምናውቀውን ብልሃት እንግሊዝኛ ላይ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም። ምናልባት ቃል በቃል እያስሸመደዱን ስላሳደጉን ይሆናል።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ «ራን፦ መሮጥ» ብላችሁ አትለፉ። ቃሉን ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፉት። ምን እንደሚከተለው እዩ። «ራን ኢንቱ» ሰው በአጋጣሚ ማግኘት ነው፤ «ራን አ ቢዝነስ» ንግድ ማስተዳደር። ከብዙዎቹ ሥር ሳይቋረጥ የሚቀጥል ነገር አለ፤ ውሃው ይፈሳል፣ ማሽኑ ይሠራል፣ መንገዱ ይዘልቃል። ሁሉንም ግን በዚህ መፍታት አይቻልም። የቀረውን በንባብ ብቻ ነው የምትለምዱት፤ በቀን ትንሽ ትንሽም ቢሆን።

«ራን ኦቨር»ን ለብቻው አነሳዋለሁ፤ ዋርድ ስትገቡ በሁለት መልክ ታገኙታላችሁና። የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ላይ ከሆነ ሰውዬውን መኪና ገጭቶታል፣ ወጥቶበታል። የግሉኮስ ትእዛዝ ላይ «ራን ኦቨር 4 አወርስ» ከተባለ ግን ፈሳሹ በ4 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ገብቶ ይለቅ ማለት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ይጀመር አይደለም። በየ4 ሰዓቱ ይሰጥም አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ እንኳ ከተጠራጠራችሁ ጠብታውን ከመክፈታችሁ በፊት ተረኛዋን ሲስተር ጠይቁ፤ በሽተኛው አጠገብ ቆማችሁም ቢሆን ጠይቁ።