ስለ ገቢ ልዩነት ጠይቁኝ፦ ሁሉም እኩል ቢያገኝስ?

ኢኮኖሚክስ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ስለ ገቢ ልዩነት የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የገቢ ልዩነት ጥቅም አለው ሲባል ይገርመኛል። ምኑ ነው ጥቅሙ?

መልስ፦ ልፋት ዋጋ ካላገኘ የሚለፋ ይጠፋል። እኛው አይተነዋል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. መሬትንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳያልፍ ገደበ። ጣሪያው ላይ የደረሰ ባለ ወርክሾፕ ሁለተኛ ማሽን ለምን ያስገባል? ትርፉን ወይ ይደብቀዋል፣ ወይ ይበላዋል፣ ወይ ያሸሸዋል። ዋናው ተጎጂ ግን እሱ አይደለም፤ በሁለተኛው ማሽን ላይ ሊቀጠር የነበረው ልጅ ነው። (ጭሰኛውን ከሲሶና ከእርቦ ማላቀቁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አልቃወምም።)

ጥያቄ፦ የሚጎዳውስ መቼ ነው?

መልስ፦ ገቢው ከሥራ ሳይሆን ከበር ሲመጣ። በሩን ማን ይከፍታል፣ ለማንስ ይከፈታል? እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የነበረውን የዶላር ወረፋ አስታውሱ። ባንክ በ57 ብር ገደማ የሚሸጠው ዶላር በጥቁር ገበያ እጥፍ ገደማ ነበር። በባንክ ዋጋ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የተከፈተለት አስመጪ ዕቃውን የሚሸጠው በጥቁር ገበያው ዋጋ አስልቶ ነው። ልዩነቱ ኪሱ ይገባል፤ አንድ ብሎን እንኳ አላመረተም። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲበረክት ጎበዝ ልጆቻችን ፋብሪካ መክፈትን ትተው ደላላ መሆንን ይመኛሉ። ለእኔ ትልቁ የኢኮኖሚ ጉዳት ይሄ ነው፤ ከቪላውና ከመኪናው ይልቅ።

ጥያቄ፦ እኛ ከሌላው አገር አንጻር የት ነን?

መልስ፦ በጂኒ መለኪያ 0 ማለት ሁሉም እኩል፣ 1 ማለት አንዱ ሁሉን የያዘበት ነው። የዓለም ባንክ በእ.ኤ.አ. 2015/16 የቤተሰብ ጥናት ለኢትዮጵያ 0.35 አስቀምጧል፤ ለደቡብ አፍሪካ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2014 ጥናት 0.63 ገደማ። እዚያ የተመዘገቡት የግል ጥበቃ ሠራተኞች ከፖሊሶቹ ከእጥፍ በላይ ናቸው። ያ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈለው ንብረት እንዳይሰረቅ እንጂ አዲስ ንብረት እንዲፈጠር አይደለም። በእኛ ቁጥር ግን አንኩራ። ሰባት ጎረቤት ሽሮ ብቻ ቢበላ ያ መንደር በጣም እኩል ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ አገር ይደግ፣ ማካፈሉ ይደርሳል የሚሉትስ?

መልስ፦ ኢኮኖሚስቱ ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1955 ልዩነት በዕድገት መጀመሪያ ሰፍቶ ኋላ ይጠባል የሚል ግምት አቀረበ፤ ራሱም ማስረጃዬ ጥቂት ነው ብሏል። ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ግን መሬት ያከፋፈሉት ገና ድሃ ሳሉ ነው። ገበሬው የራሱን አርሶ ልጁን አስተማረ፤ ፋብሪካዎቹም ማንበብ የሚችል ሠራተኛ አገኙ።

ጥያቄ፦ ሀብታሙን በደንብ መቅረጥ ነዋ!

መልስ፦ ማንን ነው ሀብታም የምትለው? በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ 2,000 ብር ድረስ ያለ ደመወዝ ከግብር ነፃ ሆነ፤ ከ14,000 ብር በላይ ካለው የደመወዝ ክፍል ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጣል። 20,000 የሚያገኝ መምህርና ግማሽ ሚሊዮን የሚያገኝ ሥራ አስኪያጅ የመጨረሻ እርከናቸው አንድ ነው። ደመወዝተኛው ደግሞ መደበቂያ የለውም፤ ገና ሳይቀበል ይቆረጥበታል። ያለ ደረሰኝ የሚነግደው ግን አለው።

ጥያቄ፦ እኔ ሪያድ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የምልከው ብር ልዩነቱን ያጠባል ወይስ ያሰፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ያጠባል ብዬ አምናለሁ። ወደ ዓረብ አገር ብዙ የሚሄደው ከገጠርና ከዝቅተኛ ኑሮ የወጣ ነው። ለዲቪ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወይም የሙያ ልምድ ያለው ይፈለጋል፤ ስለዚህ የአሜሪካው ዶላር ብዙውን ጊዜ ቀድሞም ትንሽ ወደ ተሻለው ቤት ይገባል። ብሩ ለታናሽሽ ትምህርት ወይም ለላም ከዋለ ገቢ ይወልዳል። ሁሉም ላኪ ከተማ ውስጥ ቦታ ሲሻማ ግን የቦታው ዋጋ ይወጣል፤ ያኔ የሚቸገረው ውጭ ዘመድ የሌለው ጎረቤትሽ ነው።