ጠዋት ሰውነቴ አይታዘዘኝም፣ ቀን ደግሞ ድሬ አታስሮጥም

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፣ 34 ዓመቴ ነው፣ ሩጫ ነፍሴ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ በሽታው) አለብሽ ከተባልኩ ቆየሁ፣ በሽታውን የሚይዝልኝን መድኃኒት ሜቶትሬክሴትን በሳምንት አንዴ አርብ ማታ እወስዳለሁ፣ አሁን ደህና ነኝ፣ እብጠቱም ጠፍቷል። ግን እዚህ ለመሮጥ በሌሊት መውጣት ግድ ነው፣ እኔ ደግሞ ጠዋት እንጨት ሆኜ ነው ምነሳው፣ ስለዚህ የህመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ውጬ ነው ምወጣው። እማዬ "ይሄ ሩጫ ይጨርስሻል፣ አርፈሽ ተቀመጪ" ትለኛለች። ግማሽ ማራቶን ደሞ አምሮኛል፣ ልተወው?

መልስ፦ አቦ ለምን ትተዪዋለሽ! እናትሽ የሚያስቡት በእድሜ ብዛት የጉልበቱ መገጣጠሚያ ያለቀበትን ሰው ነው፣ ያንቺ ሌላ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ብግነት ነው፣ እሱ ደግሞ ቁጭ ሲሉ ይብሳል ሲንቀሳቀሱ ይላላል። በዛ ላይ በሽታው ለልብ ህመም ስለሚያጋልጥ ልብን የሚያጠነክር ነገር ላንቺ ከሌላው ሰው በላይ ያስፈልግሻል። በሽታው በመድኃኒት እስከተያዘ ድረስ ሩጫው ጠላትሽ አይደለም።

እኔን ያስደነገጠኝ ዳይክሎፌናኩ ነው። ድሬ ላይ ሲሮጥ ላቡ እንዴት እንደሚወርድ ታውቂያለሽ፣ ውሃ ሲያጥር ኩላሊት የደም ዝውውሩን ለማስጠበቅ የሚጠቀምበትን ነገር ይሄ ክኒን ይዘጋበታል፣ ሜቶትሬክሴትም የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ ከደከመ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከዛ ሌላ ህመሙን ስለሚሸፍን ማቆም ያለብሽን ቦታ አታውቂውም። ከሩጫ በፊት መዋጡን ተዪ፣ ስትወስጂ እንደነበርም ለሐኪምሽ ንገሪ።

ታዲያ ጠዋቱን ምን ላርግ ካልሽ፣ ከምትወጪበት አንድ ሰዓት ቀድመሽ ተነሺ፣ ሙቅ ውሃ ታጠቢ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በይ፣ ከዛ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ደህና አርገሽ በእግር ሂጂና ሰውነትሽ ሲላላ ሶምሶማውን ጀምሪ። ይሄ ከከበደሽ ከመግሪብ በኋላ መብራት ባለበት ሜዳ መንገድ ላይ ሩጪ፣ አስፋልቱ ገና ቢግልም ፀሐይዋ የለችም። ደሞ የጠዋቱን መገተር ራሱን እንደ መለኪያ ያዥው፤ ሁሌ በግማሽ ሰዓት የሚለቅሽ ከሆነና ዛሬ ሁለት ሰዓት ከቆየ ዛሬ የሩጫ ቀን አይደለም ማለት ነው። አንዱ አንጓ ካበጠና ከጋለማ ጭራሽ፣ ሳይክል ነድተሽ ተመለሺ፣ ድሬ ተወልዶ ሳይክል የማይነዳ አለ እንዴ?

ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ አታርጊው፣ አርብ ማታ ሜቶትሬክሴት የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይደክመዋል ያቅለሸልሸዋል፣ ወደ ረቡዕ ምናምን ውሰጂው። ኪሎ ሜትሩን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ፣ ከሩጫ በኋላ ህመሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ግን አብዝተሻል፣ ቀጥሎ ቀንሺ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አትሩጪ፣ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። ደንገጎ ዳገቱን እወጣለሁ ካልሽም ውጪው፣ መውረጃውን ግን በሚኒባስ አርጊው፣ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው።

ለውድድር ከመመዝገብሽ በፊት የጉበትና የኩላሊት ምርመራሽን አሰሪ፣ ፕሪድኒሶሎን (ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት) የምትወስጂ ከሆነም አጥንት ስለሚያሳሳ ለሐኪሙ ርቀቱን በቁጥር ንገሪው፣ 21 ኪሎ ሜትር ብለሽ፣ "ትንሽ እሮጣለሁ" አትበይው። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ እኔ ከምነግራቸው እሱ ቢነግራቸው ይሻላል።