ኳሱ ሲስት የት ይውደቅ?

ልጆቼ፣

ጎልፍ የጀመርኩት በ44 ዓመቴ ነው። አሜሪካ በመጣሁ በዓመቱ፣ አትላንታ ውስጥ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ወሰደኝ። ከዚያ በፊት ዱላና ኳስ የማውቀው በገና ጨዋታ ብቻ ነበር። ሩሯን ማሳደድ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ መመታት፣ ሲመሽ እያነከሱ ቤት መግባት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ጎልፍ ላይ ጌታው ይቆጣል። ያውም በራሱ ላይ። የተከበረ ሐኪም ዱላውን ኩሬ ውስጥ ሲወረውር በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። 38 ዓመት መንገድና የውሃ መውረጃ ስሠራ ኖርኩ፤ ግማሹን አገር ቤት፣ ግማሹን ጆርጂያ። ወጣቶች ሲያገኙኝ ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት፣ «ልግባበት ወይስ ልተወው» ስለሚሉት ነገር ይጠይቁኛል። እኔ ስለ ጎልፍ እመልስላቸዋለሁ። ፊታቸው ላይ መሰልቸቱን አየዋለሁ። ዛሬ በጽሑፍ ልሞክር።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ሜዳው 18 ጉድጓድ አለው። ከመነሻው መትታችሁ፣ ሳሩ እንደ ምንጣፍ ወደታጨደው ግሪን ታደርሱና ባንዲራው የቆመበት ጉድጓድ ውስጥ ታስገባላችሁ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የተመደበ የምት ብዛት አለ፤ ፓር ይባላል። ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ነው። ውሃ ውስጥ የገባ አንድ ምት ይቀጣል። ባነሰ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በቃ። የቀረው ሁሉ ስለ ራስ ማወቅ ነው።

ከአትላንታ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ ኦገስታ ትደርሳላችሁ። ማስተርስ የሚባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር ከ1934 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የሚካሄደው እዚያ ነው። ቦታው ቀድሞ የችግኝ ማፍያ ስለነበር እያንዳንዱ ጉድጓድ የተክል ስም አለው። ንድፉን ያወጡት ቦቢ ጆንስ የሚባል ትልቅ ተጫዋችና አሊስተር ማኬንዚ ናቸው። ማኬንዚ በትምህርቱ ሐኪም ነበር። ሰው የት ላይ እንደሚያመው የሚያውቅ ሰው መሥራቱ ሜዳው ላይ ያስታውቃል።

በተለይ 12ኛው ላይ።

12ኛው 155 ያርድ ነው፤ 142 ሜትር ገደማ። ፓሩ ሦስት ነው። ከሜዳው ሁሉ አጭሩ ጉድጓድ እሱ ነው። ከግሪኑ ፊት ሬይስ ክሪክ የሚባል ጅረት ያልፋል። ከጅረቱ ባሻገር አንድ የአሸዋ ጉድጓድ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት አሉ። ነፋሱ በዛፎቹ መካከል ይዞራል፤ የ11ኛው ባንዲራ ወደ አንድ በኩል እያውለበለበ የ12ኛው ወደ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ተንኮሉ ነፋሱ አይደለም። ግሪኑ ሰያፍ ተኝቷል። ቀኙ ይርቃል፣ ግራው ይቀርባል።

አሁን ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች እንዴት እንደሚስት አስቡ። አንዱ ስህተቱ ኳሱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ወደ ቀኝ የሸሸ ኳስ አጭር ይቀራል። ሌላው ስህተቱ ወደ ግራ ይጎትተዋል። የተጎተተ ኳስ ይረዝማል። እንግዲህ ግሪኑ ሩቅ በሆነበት በቀኝ በኩል ኳሱ ያጥራል፤ ቅርብ በሆነበት በግራ በኩል ይረዝማል። ግሪኑ የተሠራው የሰውን ስህተት ገልብጦ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ እሁድ፣ ባንዲራውን ቀኝ ላይ ይተክሉታል።

2019 ላይ ፍራንቼስኮ ሞሊናሪ ሁለት ምት እየመራ እዚያ ደረሰ። ኳሱ ውሃ ውስጥ ገባ። ብሩክስ ኬፕካም፣ ኢያን ፖልተርም፣ ቶኒ ፊናውም በዚያው ቀን እዚያው ጅረት ውስጥ ከተቱት። የዓለም ምርጦች ናቸው፤ ርቀቱ ደግሞ ለእነሱ የቀላል ዱላ ርቀት ነው። ታይገር ዉድስ ያን ቀን ምን አደረገ? ባንዲራውን ተወው። ከፊት ባለው አሸዋ አናት ላይ፣ ወደ ግሪኑ መሃልና ግራ አነጣጠረ። ኳሱ ከጉድጓዱ ሩቅ አረፈ። በሁለት ምት አስገብቶ በሦስት ወጣ። የሚያስጨበጭብ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ጉድጓድ ሲወጣ ግን መሪነቱን ይጋራ ነበር፤ በዚያው ቀን በ43 ዓመቱ አምስተኛ ማስተርሱን ወሰደ። ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ጃክ ኒክላውስም ባንዲራው የትም ይተከል በዚያው አሸዋ በላይ እንደሚያነጣጥር ሲናገር ኖሯል።

ጆርዳን ስፒዝን ያስታወሰም ይኖራል። 2016፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ሲቀረው በአምስት ምት ይመራ ነበር። 12ኛው ላይ ሁለት ኳስ ውሃ ውስጥ ከተተ። በሰባት ወጣ። ያን እሁድ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ቡና አፈላሁ፤ የራሴ ልጅ ሲወድቅ ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ብስት የት ልውደቅ ብሎ አስቀድሞ ማሰብን ጎልፍ አይደለም ያስተማረኝ። ጎልፍ ስጀምር አውቀው ነበር፤ የተማርኩት በውርደት ነው።

ገና ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ፣ አገር ቤት፣ አንድ የገጠር መንገድ ላይ ለጅረት መሻገሪያ የሚሆን ቱቦ መጠን የማውጣት ሥራ ተሰጠኝ። አሰላሁ። ደግሜ አሰላሁ። ልኩን ቁጭ አደረግሁት። በሁለተኛው ክረምት ውሃው መጣና ቱቦው አልበቃውም። ቱቦውንም ከላዩ ያለውን የአፈር ሙሌትም ጠራርጎ ወሰደው። አካባቢው ከገበያ ተቆርጦ ሳምንታት ቆየ። አለቃዬ አዛውንት ነበሩ። አልጮኹም። ፍርስራሹ ዳር ቆመን «ቱቦው ሲሞላ ውሃው በየት እንዲሄድ አስበህ ነበር?» አሉኝ። «እንዳይሞላ ነው ያሰብኩት» አልኩ። ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

እንደገና ስንሠራው ቱቦውን በመጠኑ ብቻ ነው ያሰፋነው። ዋናው ለውጥ ሌላ ነበር። ከጅረቱ ራቅ ብሎ መንገዱን በአንድ ቦታ ዝቅ አደረግነው፤ በድንጋይ አነጠፍነው። ጎርፍ ሲበዛ ውሃው በዚያ ላይ ይሄዳል። በሚቀጥለው ክረምት እንዲያው ሆነ። ሰዎች በቅሎአቸውን ይዘው ሁለት ሰዓት ቆሙ፣ ውሃው ጎደለ፣ ተሻገሩ።

ስለዚህ፣ አንድ ጉድጓድ ስትጫወቱ ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት። መጀመሪያ የሞት ቦታው የት ነው? ውሃ ነው? ከሜዳው ውጭ ነው? ከዚያ ብስት ችግር የሌለው በየትኛው በኩል ነው? ያን ጊዜ ብቻ ዱላ ምረጡ። ብዙ ሰው ግን መነሻው ላይ ቆሞ ትልቁን ዱላ ከቦርሳ ካወጣ በኋላ ነው ማሰብ የሚጀምረው።

ኦገስታ 11ኛው ላይ ኩሬው ከግሪኑ ግራ ነው። ቤን ሆጋን፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው፣ ሆን ብሎ ወደ ቀኝ አስቀርቶ ከዚያ በትንሽ ምት ያስጠጋ ነበር። በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ካያችሁኝ ሁለተኛውን ምት ተሳስቼ ነው ይል እንደነበር ይነገራል። 3ኛው ደግሞ 350 ያርድ ብቻ ነው። ጉልበት ያለው ሰው ግሪኑ ጥግ ድረስ ሊልከው ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን አጠር አድርገው በደንብ ከሚያውቁት ርቀት ሁለተኛውን ይመታሉ። 14ኛው አንድም የአሸዋ ጉድጓድ የለውም። የግሪኑ ተዳፋት ይበቃዋል።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ «ጋሼ፣ እንግዲያው ሁልጊዜ ፈርቶ መጫወት ነው?» ይለኛል። አይደለም። እንዲያውም መጠንቀቅ ራሱ ምን ያህል እንደሚያታልል ላሳያችሁ።

13ኛው ፓር አምስት ነው። ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከግሪኑ ፊት ጅረት አለ። 2023 ላይ መነሻውን 35 ያርድ ወደኋላ ስበው 545 ያርድ አደረሱት። ዘንድሮ በሁለተኛው ምት ጅረቱን ለመሻገር ይሞክሩ ይሆን ወይስ ከፊቱ ያስቀሩት እያልን የምንከራከርበት ጉድጓድ ነው። 2025፣ እሁድ፣ ሮሪ ማክኢልሮይ እየመራ ደረሰ። በሁለተኛው ምት ግሪኑን አልሞከረም። ከጅረቱ በፊት አስቀረ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ እኔም ሶፋዬ ላይ ሆኜ «ጎሽ!» አልኩ። ከዚያ 80 ያርድ ገደማ ከሚሆን ቦታ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሊመታው ከሚችለው ርቀት፣ ኳሱን ጅረቱ ውስጥ ከተተው። በሰባት ወጣ።

ለምን? ልቡን አላውቅም። እኔ ግን ራሴን አውቃለሁ። አደገኛውን ምት ትቼ ቀላሉን ስመርጥ የሥራው ግማሽ ያለቀ ይመስለኛል። ትከሻዬ ይላላል። ቀላሉም ምት መመታት እንዳለበት እረሳለሁ። ከአደገኛ ሥራ ሸሽታችሁ «አስተማማኝ» ቦታ ስትይዙ ልብ በሉት፤ ቦታው አይሠራላችሁም።

ማክኢልሮይ ሁለት ጉድጓድ ቆይቶ 15ኛው ላይ ደረሰ። እሱም ፓር አምስት ነው፤ ከግሪኑ ፊት ኩሬ አለ። ከ200 ያርድ በላይ ይቀረዋል፤ ዛፎች መንገዱን ይዘጋሉ። አላስቀረም። ኳሱን በዛፎቹ ዙሪያ አጥፎ ግሪኑ ላይ አሳረፈው። የቀረውን በሁለት ምት ጨረሰና ከፓር አንድ አተረፈ። በኋላ ከጀስቲን ሮዝ ጋር እኩል ወጡ፤ በተጨማሪው ጉድጓድ አሸነፈ። በ2011 እዚያው ሜዳ በአራት ምት እየመራ ገብቶ፣ 10ኛው ላይ ኳሱን ከሜዳው ግራ ያሉት ጎጆ ቤቶች ዘንድ ልኮ፣ ቀኑን በ80 ምት የጨረሰ ልጅ ነው።

15ኛው ላይ ያስቀረም አለ። 1993 ላይ ቺፕ ቤክ ሦስት ምት ወደኋላ ሆኖ ደረሰ። ጥቂት ጉድጓድ ነው የቀረው። ከውሃው በፊት አስቀረ፤ በርንሃርድ ላንገር በአራት ምት አሸነፈው። ሰዎች እስከ ዛሬ ይወቅሱታል። ወቀሳው ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፣ ግን ቁም ነገር አለው። ሦስት ምት ስትመሩ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ነው፤ ሦስት ምት ወደኋላ ስትሆኑ ግን ሌላ ጉድጓድ ነው። ውሃው የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ ኳሱ ውሃ ቢገባ ምን ታጣላችሁ የሚለውንም ቁጠሩ። የ22 ዓመት ልጅ፣ ዕዳ የሌለበት፣ ልጅ የሌለው፣ ከኩሬ በፊት ሲያስቀር ሳይ ያናድደኛል። የ50 ዓመቱ አባወራ ያንኑ ኩሬ ለመዝለል ሲሮጥም እንዲሁ።

አትላንታ ውስጥ የማውቀው ልጅ የጭነት መኪና ገዛ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ሰው አልፎለታል። እሱ ግን አገር ቤት ያለውን የእናቱን ቤት አስይዞ ነው የገዛው። መኪናው አይደለም ያስጨነቀኝ። ኳሱ አጭር ቢቀር የሚያርፈው እናቱ ሳሎን ነው። ሌላ ልጅ ደግሞ ያንኑ መኪና ከጓደኛው ጋር በእቁብ ገንዘብ ገዛ፣ የሌሊት ሥራውንም አልለቀቀም። እሱ ቢከስር ዕንቅልፉን ነው የሚከስረው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። መለማመጃ ቦታ ሄዳችሁ በአንድ ዱላ 50 ኳስ ምቱ። ጥሩዎቹን ብቻ አትቁጠሩ። ሁሉም የት እንደወደቀ ጻፉ። እኔ በ7 ቁጥር ዱላ ስለካ ከግራው እስከ ቀኙ 40 ያርድ ተበትኖ አገኘሁት። እስከዚያ ቀን «150 ያርድ እመታለሁ» ነበር የምለው። 150 የመታሁት ስድስት ጊዜ ነው። አብዛኛው 130 አካባቢ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት «እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ አልነበር?» አለችኝ። ጎልፍ ሜዳ ረግጣ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የምጫወትበት የሕዝብ ሜዳ ላይ 7ኛው ጉድጓድ የኦገስታን 12ኛ ይመስላል፤ ምስኪን ዘመዱ በሉት። ኩሬው ጭቃ ነው፣ ግሪኑ ላይ የዳክዬ ኩስ አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ የወንድሜ ልጅ ጓደኛ አብሮኝ ነበር። ገና መጀመሩ ነው። የት እንደሚያነጣጥር ጠየቀኝ። ባንዲራውን እርሳው፣ ከግራ ያለችውን ዋርካ መሳይ ዛፍ ተመልከት፣ ብትስት ሳር ላይ ነህ፣ አልኩት። ሁሉንም አስረዳሁት፤ ሰያፉን፣ ነፋሱን፣ ታይገርን ሳይቀር። ልጁ ዛፏን አይቶ መታ። ግሪኑ ዳር አረፈ።

ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ባንዲራው ቀኝ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ጀርባዬን ያን ቀን አላመመኝም።

ኩሬው ውስጥ ጯ ስትል ዳክዬዎቹ ተነሡ።

«ጋሼ» አለኝ ልጁ፣ በጨዋነት፣ «የት ነበር ያሉኝ?»