ቀን ሙሉ የሚበራ የግቢ መብራት

ጥያቄ፦ «ለአምዱ አዘጋጅ። የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ ነኝ። በግቢያችን ውስጥ አባታችን ያስተከሉት፣ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ የብረት የመብራት ፖል አለ። ጫፉ ላይ እየተጠመዘዘ የሚገባ ባለ 40 ዋት የኤልኢዲ አምፖል፣ ከእሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሲመሽ የሚያበራና ሲነጋ የሚያጠፋ ፎቶሴል ተገጥሞለታል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን መብራቱ ነግቶም አይጠፋም፤ ፀሐይ ወጥታ እንኳ እንደበራ ይውላል። አምፖሉን በአዲስ ብንቀይረውም ለውጥ አላመጣም። አሁን ታናሽ ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ቆሞ አምፖሉን በግማሽ ዙር እያላላ ያጠፋዋል፤ ማታ መልሶ ያጠብቀዋል። እናታችን ‹ይሄ ልጅ አንድ ቀን ኤሌክትሪኩ ይይዘዋል› እያሉ ይሰጋሉ። ያየልን አንድ ባለሙያ በበኩሉ ከቤት እስከ ፖሉ ያለው ገመድ በሙሉ ካልተቀየረ አይስተካከልም ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቀን። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ የእናትዎ ስጋት ተገቢ ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። እየተጠመዘዘ የሚገባ አምፖል ኃይል የሚያገኘው በሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው ከታች ያለው ነጥብ ሲሆን ሁለተኛው ጥርስ ያለው የብረት አንገቱ ነው። ፖርታላምፓዳው (አምፖሉ የሚገባበት ማቀፊያ) በትክክል ከተገጠመ ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ወደ ታችኛው ነጥብ፣ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ወደ አንገቱ ይሄዳል። ሽቦዎቹ ተገላብጠው ቢታሰሩ አምፖሉ ያው ስለሚበራ ስሕተቱን ማንም ሳያውቀው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ግን አምፖሉን የሚያላላ ሰው ጣቱ ወደ አንገቱ ጠጋ ካለ 220 ቮልት ይነካል ማለት ነው። እርጥብ መሬት ላይ የተተከለ የብረት ፖል በሌላው እጁ ይዞ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከመደንገጥ ያልፋል። ከዚህም ሌላ በግማሽ የላላ አምፖል ውስጥ ውስጡን ብልጭ እያለ ፖርታላምፓዳውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ብልሽቱ እስኪገኝ ድረስ መብራቱ መጥፋት ያለበት በብሬከሩ ነው እንጂ በወንድምዎ እጅ አይደለም።

ገመዱ ሁሉ ይቀየር የተባለውን ለጊዜው ይተዉት። የተበላሸ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ያጠፋል፣ ብሬከር ይጥላል፣ ወይም ፖሉን ሲነኩት ይነዝራል እንጂ መብራትን ቀን ሙሉ አብርቶ አያውልም። ቀን ለሚበራ መብራት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፎቶሴሉ ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የፎቶሴሉ አገጣጠም ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ምንም ነገር መግዛት አያስፈልግም።

በፎቶሴሉ መስኮት ውስጥ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ሲጨልም ደግሞ የሚከለክል ትንሽ አካል አለ። ሲነጋ በዚህ አካል በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በውስጥ ያለውን ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ይስበውና ወደ አምፖሉ የሚሄደውን መስመር ይቆርጣል። በብዙዎቹ ሥሪቶች ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ መብራቱን ለማጥፋት ፎቶሴሉ ኃይል ማግኘትና መሥራት ያለበት መሆኑ ነው፤ ሥራውን ካቆመ መስመሩ እንደተገናኘ ይቀራል። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ መንገድና ግቢ በብልሽት ምክንያት ጨለማ ከሚሆኑ ቀን በከንቱ ቢበሩ ይሻላል ተብሎ ነው። እንግዲህ የእርስዎ መብራት ቀን መብራቱ ከመጠን ያለፈ ኃይል ስለደረሰው ሳይሆን፣ አጥፉ የሚል ትእዛዝ የሚሰጠው ክፍል ዝም ስላለ ነው።

ምርመራው ከዓይን ይጀምራል። ብሬከሩን ያውርዱና የፎቶሴሉን መስኮት ይመልከቱ። በኮረኮንች መንገድ ዳር ባለ ግቢ አቧራና የወፍ ኩስ መስኮቱን መሸፈናቸው፣ ፖሉ ቀለም ሲቀባ መስኮቱም አብሮ መቀባቱ፣ ወይም ባለፉት ዓመታት ያደገ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ መጣሉ የተለመደ ነው። በደብረ ብርሃን ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። የፀሐይ ጨረር ፕላስቲክን የሚያቃጥለው ክፍል በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ ከ2700 ሜትር በላይ በሆነ አገር ርካሽ ፕላስቲክ ቶሎ ይቢጫል፣ ከዚያም እንደ ወተት ይደፈርሳል። በረዶ የጣለ ዕለት የሚሰነጠቅም አለ። መስኮቱ ቆሽሾ ብቻ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል።

ከዚያ ብሬከሩን መልሰው ያንሡና የስልክዎን ባትሪ አብርተው ከመስኮቱ ፊት ለፊት በጣም አስጠግተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ይያዙት። መታገሡ ያስፈልጋል፤ ፎቶሴል በመኪና መብራትና በመብረቅ ብልጭታ እንዳይታለል ተብሎ ዘግይቶ እንዲሠራ ስለሚደረግ ወዲያው አልጠፋም ብሎ መፍረድ አይገባም። በባትሪው ብርሃን ከጠፋ ፎቶሴሉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የተገጠመበት ቦታ ወይም ጥላው ነው። ካልጠፋ የፎቶሴሉን ገላ በካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። ያን ጊዜ ቀጭ ብሎ ከጠፋ የሪሌዩ መገናኛዎች ተጣብቀዋል ማለት ነው። ኤልኢዲ በሚበራባት ቅጽበት ከተጻፈበት ዋት ጋር የማይመጣጠን ኃይል ስለሚስብ መገናኛዎቹን ቀስ በቀስ እርስ በርሳቸው ያበይዳቸዋል፤ በአንድ ፎቶሴል ብዙ አምፖሎች ሲታሰሩ ደግሞ ይብሳል። መታ ተደርጎ የተላቀቀ ሪሌይ ተመልሶ መጣበቁ ስለማይቀር፣ ምክንያቱን አወቅን ብሎ ፎቶሴሉን መቀየር ነው እንጂ በየጊዜው መምታት መፍትሔ አይሆንም።

በዚህም ካልታወቀ ቀጣዩ ሥራ ሽቦ መፍታት ስለሆነ በሙያው የሠለጠነ ሰው ቢሠራው ይመረጣል፤ እርስዎ ግን አጠገቡ ቆመው ሊከታተሉት ይችላሉ። በገበያችን የሚገኙት ፎቶሴሎች ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ሽቦ ናቸው፦ ጥቁሩ ከቤት የሚመጣውን ፌዝ ይቀበላል፣ ነጩ ከኒውትራል ጋር ይታሰራል፣ ቀዩ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። የቀለሙ አመዳደብ እንደ ፋብሪካው ሊለያይ ስለሚችል የሚታመነው በፎቶሴሉ ገላ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ነው። ብሬከሩ ወርዶ፣ መስመሩ ባዶ መሆኑም በቴስተር ተረጋግጦ፣ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ከፎቶሴሉ ይላቀቅና ሁለቱም ጫፎች በናስትሮ በደንብ ይጠቅለሉ፤ ከዚያ ብሬከሩ ይነሣ። አምፖሉ አሁንም ከበራ ኃይሉ በሌላ መንገድ እየደረሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ፎቶሴሉ ተበላሽቶ ሳለ ለጊዜው ብሎ ቀጥታ ያገናኘው ሰው ነበረ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው «ለጊዜው» በብዙ ግቢ ዓመታት ያስቆጥራል። አምፖሉ ካልበራ ግን ሲያበራው የነበረው ፎቶሴሉ ራሱ ነው።

ይሁንና ፎቶሴሉ ላይ ከመፈረድ በፊት አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ ባለሙያዎችም አዘውትረው የሚስቱት ይህንኑ ነው። ነጩ ሽቦ ከኒውትራሉ ከተላቀቀ ፎቶሴሉ ራሱን የሚያንቀሳቅስበት ኃይል ስለሚያጣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል። በኪስ የምትያዘው ባለ መብራት ቴስተር የምትናገረው ፌዝ መኖሩን ብቻ ነው፤ ኒውትራሉ ይኑር ይበጠስ አታውቅም። ስለዚህ በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለው ቮልቴጅ በመለኪያ መታየት አለበት፤ 220 አካባቢ ከሆነ ሁለቱም ደርሰዋል፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ወይም ምንም ካላሳየ የሚጠገነው መጋጠሚያው ነው። ክረምት ከገባ ወዲህ የጀመረ ብልሽት መሆኑን ስለጻፉልን እኛ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው በፖሉ ውስጥ ውኃ ገብቶ የዛገ መጋጠሚያን ወይም እርጥበት የገባው ፎቶሴልን ነው።

መቀየር ግድ ከሆነ፣ አዲሱ ፎቶሴል ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት መሆኑን ሳያዩ አይግዙ። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡ ለ120 ቮልት የተሠሩ አሉ፤ እነዚህ በእኛ መስመር ላይ ይቃጠላሉ፤ ላኪውን ማመስገን እንጂ ዕቃውን መግጠም አያስፈልግም። 10 አምፔር የሚለው ለአንድ አምፖል ከበቂ በላይ ነው። ሲገጠም ሽቦዎቹ ወደ ታች ይሁኑ፤ ሽቦው ወደ ፖሉ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ቢታጠፍ ውኃው ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተልም። መስኮቱን ወደ ሰሜን አዙሩት የሚለው በየመመሪያው የሚገኘው ምክር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው አገሮች የተጻፈ ነው፤ በእኛ ሰማይ ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን አቅጣጫው ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው መስኮቱ የራሱን አምፖል እንዳያይ ነው፤ ካየው ማታ እየበራ እየጠፋ ያድራል። የፖሉ የመሬት ሽቦ በቦታው መኖሩም በዚሁ አጋጣሚ ይታይ።

ለወጪው ያህል፦ 40 ዋት በቀን ለ12 ሰዓት በከንቱ ሲበራ በወር 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ መሆኑን ስናስብ ቀላል ብክነት አይደለም።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጣርማ በር አካባቢ ነው። ቀን ላይ ጉሙ ሲወርድ የበራችን መብራት በራሱ ይበራል፤ አንዳንዴ እስከ ቀትር አይጠፋም። ፎቶሴል ለጉም አገር አይሆንም ስለተባልን በሰዓት የሚሠራ ማብሪያ ልንገጥም አስበናል። ትክክል ነው?»

መልስ፦ ጉሙን አይክሰሱት። ፎቶሴል መብራት የሚያበራው ብርሃኑ እንደ ሥሪቱ ከ10 እስከ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ድረስ ሲወርድ ነው፤ ጥርት ባለ ቀን ፀሐይ 100000 ሉክስ ያህል ስትሰጥ፣ ጉሙ ፊት ለፊት ያለውን ሰው እንኳ በሚከልልበት ቀትር የሚኖረው ብርሃን ከአንድ ሺህ ሉክስ በታች የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። ጎሕ ሲቀድ ወይም ጀምበር ስትጠልቅ ጉም ቢኖር መብራቱ ትንሽ ቀድሞ ቢበራ፣ ትንሽም ዘግይቶ ቢጠፋ ተፈጥሮአዊ ነው። እስከ ቀትር ከበራ ግን መስኮቱ ደፍርሷል፣ ወይም ከቤቱ ክዳን ጥላ ሥር ተገጥሟል፤ ጉሙ የቀረችውን ጥቂት ብርሃን ቀንሶ ድክመቱን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም። መስኮቱን ያጽዱ፤ ካልተሻለው ፎቶሴሉን ከክዳኑ ጥላ አውጥተው ይግጠሙት።

በሰዓት የሚሠራው ማብሪያ በእኛ አገር መጥፎ ምርጫ ባልሆነ ነበር፤ ጀምበር የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ልዩነት ብቻ ስላለው ደጋግሞ ማስተካከል አይጠይቅም። ጣጣው መብራት ሲጠፋ ነው። የራሱ ባትሪ የሌለው ማብሪያ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱ ይቆምበታል፤ አራት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከዋለ በምሽቱ 12 ሰዓት ሊያበራ የሚገባው መብራት ከሌሊቱ 4 ሰዓት ይበራል፣ ጠዋትም በዚያው መጠን ዘግይቶ ይጠፋል። ይህን ከወደዱ ባትሪ ያለውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ «ሸዋ ሮቢት ላይ ያለው የእኔ መብራት ቀን ላይ ይጠፋል ለማለት ያስቸግራል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ይህም የፎቶሴል ብልሽት ነው?»

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በሙሉ ኃይሉ የሚበራና ደብዝዞ የሚታይ መብራት ምክንያታቸው የተለያየ ነው። ኤልኢዲ በጣም በትንሽ ኃይል ብርሃን ስለሚሰጥ፣ የድሮው አምፖል ፈጽሞ የማያሳየውን ሽርፍራፊ ኤሌክትሪክ ሳይቀር ያሳያል። በመጀመሪያ መታየት ያለበት ፎቶሴሉ የሚቆርጠው ፌዙን ነው ወይስ ኒውትራሉን የሚለው ነው። ቀን ላይ፣ መብራቱ መጥፋት በሚገባው ሰዓት፣ ባለሙያው በፖርታላምፓዳው ላይ በቴስተር ይሞክር፤ ቴስተሩ ደምቆ ከበራ ፌዙ ሳይቆረጥ አምፖሉ ድረስ እየመጣ ነው። ይህ ከመደብዘዙ ይልቅ ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ፣ ብሬከሩ ወርዶ ከቤት የሚመጡት ፌዝና ኒውትራል ቦታ ይለዋወጡ። ቴስተሩ ጭል ጭል ብቻ ካለ ወይም ጨርሶ ካልበራ፣ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ገመድ ሁልጊዜ ኃይል ካለው ሌላ ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ረጅም መንገድ ሲሄድ የሚጋባበት ጥቂት ኃይል ይሆናል፤ አምፖሉን በሌላ ሥሪት ቀይሮ መሞከር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ካልፈታው ገመዶቹን ለየብቻ ማሳለፍ ነው።